ማጣሪያም እርሾ አለው



በዚህ ወር ስለ መጠጥ ውኃ፣ ይልቁንም ውኃውን ስለምናጣራበት ዕቃ አያያዝ ጥቂት ቃል ልናቀርብ አስበናል። ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ አንብበን የምንጽፈው አይደለም፤ በገዛ ቤታችን ተሳስተን፣ በልጃችን ሕመም ደንግጠን የተማርነው ስለ ሆነ ስሕተታችንን ሳንሸሽግ እንናገራለን።

የምንኖርባት ቦታ የጋይንቷ ቤተ ልሔም ናት። በድጓ ትምህርት ስሟ የታወቀ፣ ተማሪ ከሩቅ አገር ተጕዞ ዜማውን ለማስመስከር የሚመጣባት መሆኗን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ተማሪ የበዛበት አገር ደግሞ ስለ ውኃ የሚያስበው አያጣም። የተማሪ ጎጆ ጠባብ ናት፤ ውኃው ከምንጭ ተቀድቶ በጀሪካን ይመጣል፤ በአንዲት ጣሳ ብዙ ሰው ይጠጣባታል። ክረምት ሲገባም ጎርፉ ከየተዳፋቱ አፈሩንና ፍጉን ጠርጎ ስለሚወርድ፣ ያልጐለበተ ምንጭ ሁሉ ይደፈርሳል።

እኛም ይህን አይተን ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤታችን አንድ የአሸዋ ማጣሪያ አቆምን። ማጣሪያው ቁመቱ አንድ ሜትር የሚያህል የሲሚንቶ ሣጥን ነው። ከታች ጠጠር፣ ከዚያ በላይ ደቃቅ ጠጠር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተነፍቶ የታጠበ ደቃቅ አሸዋ ይሞላበታል። ከላይ የሚፈሰውን ውኃ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ወጭት መሰል ክዳን ተቀብሎ ኀይሉን ያበርድለታል። ውኃውም በአሸዋው ውስጥ ቀስ ብሎ ይወርድና፣ ከሥር በተተከለው ቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ በውጭ ይፈሳል። የቧንቧው አፍ ከአሸዋው ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ መፍሰሱ ባቆመ ጊዜ ያን ያህል ውኃ ዘወትር በአሸዋው ላይ ቆሞ ይቀራል። ይህን ለቤት የሚሆን ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዴቪድ ማንዝ ናቸው።

ማጣሪያው ለሁለት ዓመት ያህል በመልካም አገለገለን። በሦስተኛው ዓመት ክረምት ግን የምንጩ ውኃ እጅግ ደፍርሶ ነበርና፣ መፍሰሱን እያዘገመ ሄዶ ጠብታ ብቻ ሆነ። የመስቀል በዓል ቀርቦ፣ እንግዳ የምንጠብቅበት ሰሞን ነበር። እኛም ንጽሕና ማለት አጥብቆ ማጠብ ነው ብለን፣ አሸዋውን በሙሉ አውጥተን በሳሙናና በበረኪና እስኪነጣ ድረስ አጠብነው፤ ሁለት ቀን በፀሐይ አድርቀን መለስነው። ከዚያ በኋላ ውኃው እንደ መስተዋት ጠርቶ፣ እየተንዶለዶለ ይፈስ ጀመር። እኛም በሥራችን ተደስተን ለእንግዶቻችን ሁሉ አሳየን።

ሳምንት ሳይሞላ ታናሿ ልጃችን በተቅማጥና በትውከት ወደቀች። በግቢያችን ከሚያድሩት ተማሪዎችም ሁለቱ ታመሙ። የልጅቱ ዐይን ጐደጐደ፣ ከንፈሯ ደረቀ፣ ስታለቅስም እንባ አልወጣትም። በሌሊት ተሸክመን ወደ ጤና ጣቢያ አደረስናት፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚበጠበጠው ኦ.አር.ኤስ. የተባለው ዱቄት በማንኪያ እየተሰጣት ሲነጋ ዐይኗን ገለጠች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሦስቱም ዳኑ። ሕመሙ ከማጣሪያው ብቻ የመጣ ነው ብለን ልንምል አንችልም። ነገር ግን «ያን ያህል አጥበን እንዴት?» የሚለው ጥያቄ ከልባችን አልወጣም ነበር።

መልሱን ያገኘነው ካላሰብነው ቦታ ነው። በአሜሪካ የሚኖር የወንድማችን ልጅ ለገና በዓል መጥቶ ቤታችን ሰንብቶ ነበር። ይህ ልጅ በቤቱ ትልቅ የመስተዋት ገንዳ አለው፤ በውስጡም የባሕር ዓሦችንና ኮራል የሚባለውን፣ ድንጋይ መስሎ የሚታይ ነገር ግን ሕይወት ያለውን የባሕር ፍጥረት ያኖራል። ሥዕሉን በስልኩ አሳይቶን ስንደነቅ፣ ወሬው ወደ ማጣሪያችን ዞረና ያደረግነውን ነገርነው።

«ጋሼ፣ አሸዋውን በሙሉ በበረኪና አጠቡት?» አለን።

«አዎን፣ አንዲት እድፍ እንኳ አላስቀረንም» አልነው።

«እንግዲያውስ እኔም ዓሦቼን የገደልኋቸው እንዲሁ አድርጌ ነው» ብሎ የራሱን ታሪክ ጀመረልን።

እንደ ነገረን ከሆነ፣ ከዓሦቹ ጕድፍና ከምግባቸው ትርፍራፊ አሞንያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በድንጋዩ፣ በአሸዋውና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይህን አሞንያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎች ተሕዋስያን ደግሞ ተቀብለው ናይትሬት ወደሚባለው፣ ጕዳቱ ወደ ቀለለው ነገር ይለውጡታል። ናይትሬቱ ሲበዛ ባለ ገንዳው ከውኃው የተወሰነውን ቀድቶ በአዲስ ይተካዋል። እነዚህ ተሕዋስያን በአዲስ ገንዳ ተራብተው ሥራቸውን እስኪችሉ ከአንድ ወር እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ ድረስ ውኃው ምንም ያህል ቢጠራ ለዓሣ አይሆንም። ወጣቱ ግን አንድ ቀን ገንዳውን ሊያሳምር ፈልጎ፣ ስፖንጁንና ድንጋዩን በአንድ ጊዜ አውጥቶ ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ አጠበው። ገንዳው አበራ፤ ዓሦቹ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ አለቁ። ዛሬ ስፖንጁን የሚያጥበው ከፍሎ ከፍሎ፣ ያውም ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ነው። አዲስ ገንዳ ሲያዘጋጅም ከአሮጌው ስፖንጅ ቈርጦ ይከትበታል።

ባለቤታችን ቡና እያፈላች ትሰማ ነበርና፣ «ይህማ እርሾ ነዋ!» አለች። በእውነትም ነገሩን በአንድ ቃል ጠቀለለችው። ሴት ወይዘሮ ቡሃቃዋን ስታጸዳ አስቀድማ እርሾዋን ታስቀራለች፤ እርሾው የተደፋበት ቤት ዱቄቱ ምንም ያማረ ቢሆን ሊጡ በጊዜው አይነሣለትም። እኛም የደፋነው የማጣሪያችንን እርሾ ኖሯል።

የአሸዋ ማጣሪያ ሥራ በእርግጥ እንዲህ ነው። አሸዋው ጕድፉን እንደ ወንፊት የሚይዝ ብቻ አይደለም፤ ብዙው የበሽታ ተሕዋስ ከአሸዋ ለአሸዋ ካለው ክፍተት እጅግ ያነሰ ነውና በወንፊት ብቻ አይያዝም። የላይኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ግን ከቀን ወደ ቀን ሕይወት ያለው ስስ ሽፋን ይበቅላል። በዚህ ሽፋን የሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ከውኃው ጋር የመጣውን የበሽታ ተሕዋስ ይበሉታል፤ ከእነርሱ ያመለጠው ደግሞ በታችኛው አሸዋ ተጣብቆ፣ ምግብና አየር አጥቶ ብዙው ይሞታል። ያ 5 ሳንቲ ሜትር የቆመ ውኃም ለዚህ የተመጠነ ነው፤ ጥልቀቱ ቢበዛ በቂ አየር ወደ ሽፋኑ አይደርስም፣ ቢያንስ ደግሞ ሽፋኑ ይደርቃል። እኛ በበረኪናና በፀሐይ የገደልነው እንግዲህ ዘበኛችንን ነው። ውኃው የፈጠነውም ዘበኛ የሌለበት በር ስለ ሆነ ነው።

የዚህ ማጣሪያ ዘር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1804 በስኮትላንድ ፔይዝሊ ከተማ፣ በ1829 ደግሞ በለንደን በአሸዋ የተጣራ ውኃ ለሕዝብ ይሰጥ ነበር። ጥቅሙ ግን ለዓለም ሁሉ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1892 በጀርመን አገር ነው። ሐምቡርግና አልቶና የሚባሉት አጎራባች ከተሞች ሁለቱም የኤልቤን ወንዝ ይጠጡ ነበር። ሐምቡርግ ከላይ ቀድታ ሳታጣራ ታጠጣለች፤ አልቶና ግን ከሐምቡርግ በታች፣ የሐምቡርግ እድፍ የወረደበትን ውኃ ቀድታ በአሸዋ እያጣራች ታጠጣለች። በዚያ ዓመት ኮሌራ ሲገባ በሐምቡርግ ከ8,000 በላይ ሰው አለቀ፤ ከአልቶና የሞተው ግን እጅግ ጥቂት ነበር። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1866 ይኸው በሽታ በጣና ዳር በቆራጣ በሰፈረው የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ገብቶ ሰፈሩ ወደ በጌምድር ደጋ መነሣቱ ይታወቃል።

እንግዲህ ማጣሪያ ላላችሁ፣ ለማቆምም ላሰባችሁ፣ እኛ በጸጸት የተማርነውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

አንደኛ፤ አዲስ ማጣሪያ ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር ሽፋኑ እስኪበቅል ይታገሡታል። ውኃ በየቀኑ ይፈስበታል፤ ከእርሱ የወጣው ግን እስከዚያ ድረስ ሳይፈላ ወይም የውኃ መድኃኒት ሳይገባበት አይጠጣም።

ሁለተኛ፤ ሽፋኑ ሕያው ነውና ቀለብ ይፈልጋል። በየቀኑ ውኃ ይጨመርበት፤ በመካከሉም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ። ከሁለት ቀን በላይ ጦሙን አይደር። ለንግሥ ወይም ለሐዘን ርቃችሁ ስትሄዱ ለጎረቤት አደራ ስጡ።

ሦስተኛ፤ መፍሰሱ ሲዘገይ አሸዋውን አታውጡ። ውኃ ጨምራችሁ፣ ቀዳዳውን ክዳን አንሥታችሁ፣ በታጠበ መዳፍ የአሸዋውን ገጽ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ በቀስታ አማስሉ፤ የደፈረሰውንም ውኃ በኩባያ ቀድታችሁ ድፉ። ፍሰቱ እስኪመለስ ይህ ይደጋገማል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ሽፋኑ ደክሟልና የሚጠጣው ውኃ መድኃኒት ይግባበት።

አራተኛ፤ ሳሙናም በረኪናም ወደ አሸዋው አይግባ። የውኃ መድኃኒት የሚጨመረው ከማጣሪያው በወጣው ውኃ ላይ ነው፤ መጠኑም በዕቃው ላይ እንደ ተጻፈው ሆኖ፣ ከመጠጣቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ይቆያል።

አምስተኛ፤ የክረምት ውኃ እንደ ደፈረሰ አይፈስበትም። ሌሊቱን በጋን ይደር፤ ጠዋት ጥሩው ከላይ ከላይ ተቀድቶ፣ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አልፎ ወደ ማጣሪያው ይግባ።

ስድስተኛ፤ መፍጠን መልካም ምልክት አይደለም። ሣጥኑ ሞልቶ ሳለ አንድ ሊትር ለመሙላት ከ2 ደቂቃ ተኩል ያነሰ ከፈጀበት፣ ውኃው በሚገባ ሳይጣራ እያለፈ ነው።

ሰባተኛ፤ ከምንጭ የመጣበት ጀሪካንና የተጣራው የሚቀመጥበት ዕቃ ይለያዩ። የተጣራው አፈ ጠባብና ክዳን ያለው ዕቃ ይኑረው፤ እየተንቈረቈረ ይቀዳ እንጂ ጣሳ ከነእጅ አይግባበት። ብዙ ቤት በማጣሪያ የጠራው ውኃ በጣሳ ይበላሻል።

ማጣሪያ የሌለው ቤተ ሰብም አይዘን። ውኃ ማፍላት ከሁሉ የታመነ ነው። ነገር ግን እንደ ነፋስ መውጫ ባለ፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ደጋ ውኃ በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ለቸገረውም ፀሐይ አለች፤ የጠራ ውኃ በቀጭን፣ ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በጠራራ ፀሐይ ስድስት ሰዓት፣ ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን ማስጣት ይጠቅማል።

እኛ በዜማ ቤት ሳለን፣ ቸኩሎ የቀጸለ ተማሪ መምህሩ ወደ መጀመሪያው እንደሚመልሱት አይተናል። በገዛ ማጣሪያችንም የደረሰብን ይኸው ነው፤ የሁለት ዓመቱን ሥራ በሁለት ቀን አጥፍተን ከ«ሀ» ጀመርን። ዛሬ የማጣሪያው ሹም ያቺ ታማ የዳነች ልጃችን ናት። ጠዋት ጠዋት ውኃ የምትጨምርበት እርሷ ስትሆን፣ እኛ ክዳኑን ልንነካ ስንቀርብ «አባባ፣ እርሾውን እንዳይደፉብኝ!» ትለናለች። እኛም እጃችንን እንሰበስባለን።

ሰላመ እግዚአብሔር ከቤታችሁ አይራቅ።