ርዕሰ አንቀጽ፦ ልጆቻችን ማሰሩንም መፍታቱንም ይልመዱ



ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ወጣቶቻችን አንድ ጥያቄ አቅርበው ነበር። ይኸውም በማኅበሩ አዳራሽ ለጀማሪዎች የሚሆን የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ሥልጠና ይከፈትልን፣ ሥልጠናውም በጨዋታ መልክ ሆኖ፣ ፕሮግራምን እንደ እንቆቅልሽ አሸፋፍኖ መጻፍንና የተሸፈነውን መፍታትን የሚያለማምድ ይሁን የሚል ነው። ይህ ሲነበብ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንድ አባታችንም ተነሥተው፣ «ልጆቹ ገና ቀናውን ሳያውቁ ጠማማውን ልናስተምራቸው ነው ወይ?» አሉ። ጥያቄው የሚናቅ ባለመሆኑ በዚህ ዕትም መልስ ልንሰጥበት ወደድን።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንናገር። ፕሮግራም ማለት ለኮምፒውተር የሚሰጥ ትእዛዝ በጽሑፍ ሲሰፍር ነው። ኮምፒውተሩ ትእዛዙን እንጂ የጽሑፉን ማማር አያይም። በመሆኑም አንዱን ሥራ ማንም አንብቦ በሚረዳው መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ ሰው አይቶ ግራ በሚጋባበት፣ ኮምፒውተሩ ግን ሳይሳሳት በሚሠራበት መንገድም መጻፍ ይቻላል። ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ይኼ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር ነው? ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ቤት ሆነው ስማቸው የተጠራው በዚሁ በእኛ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ከትንሹ፣ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ነው። ቀን ሲቆጥር ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙለታል። የቅኔን ጉባኤ የጠማማ ነገር ትምህርት ቤት ነው ያለ ሰው አልሰማንም። እንዲያውም ግሱንና አገባቡን ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው ሰሙን ከወርቁ ማስማማት አይሆንለትም። በፕሮግራምም እንደዚያው ነው፤ ቀናውን ያላወቀ አሸፋፍኖ ሊጽፍ አይችልም። ቢሞክርም ኮምፒውተሩ አልሠራም ብሎ ይመልስለታል።

በውጭው ዓለምም ቢሆን ይህ ጨዋታ የተከበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ላንደን ከርት ኖልና ላሪ ባሰል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ለማንበብ የሚያስቸግር ፕሮግራም ሲያርሙ ተማርረው፣ ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ማን አብልጦ አወሳስቦ ይጽፋል የሚል ውድድር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ብራያን ዌስትሊ ያቀረበው ፕሮግራም ጽሑፉ ራሱ በክብ ቅርጽ የተደረደረ ሲሆን፣ ሲሠራ የክቡን ስፋት ቆጥሮ ፓይ የሚባለውን ቁጥር 3.141 ብሎ ያወጣል። የበለጠ የጠራ መልስ የፈለገ ክቡን አስፍቶ ይጻፍ። መማረር ወደ ጨዋታ፣ ጨዋታውም ወደ ትምህርት ተለወጠ ማለት ነው።

ለልጆቻችን ደግሞ ከራሳችን ፊደል የተሻለ መጫወቻ የለም። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ቢሆኑም፣ ለነገሮች የሚሰጠውን ስም በአማርኛ ፊደል መጻፍ ይቻላል። አንድ ልጅ የበርበሬ ሒሳብ ሲሠራ «ዋጋ» ሲባዛ በ«ብዛት» ይሆናል «ድምር» ብሎ ይጽፋል። ይህ ቀናው ነው። ቀጥሎ ዋጋን «ሀ»፣ ብዛትን «ሐ»፣ ድምርን «ኀ» ብሎ ይሰይማል። ጮክ ብሎ ላነበበው ሦስቱም «ሀ፣ ሀ፣ ሀ» ነው፤ የሳቅ ድምፅ ይመስላል እንጂ ሒሳብ አይመስልም። ኮምፒውተሩ ግን አይስትም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ መዝገብ ሲገባ ለያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶታልና፣ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ ደግሞ 4736 ነው። በግዕዝ «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት፣ «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ መሆኑን ሊቃውንቱ ሲያስተምሩን ኖረዋል።

ይህን ስንል ለጨዋታው ብቻ ብለን አይደለም። በዚሁ በሰፈራችን አንዲት እናት «ዕጣ ደርሶዎታል» የሚል መልእክት በስልካቸው መጥቶላቸው፣ ከትክክለኛው አድራሻ በአንዲት ፊደል ብቻ የተለየ አድራሻ ነክተው፣ ለልጃቸው ደብተርና ልብስ ያሉትን ብር አጥተዋል። ሌባው አሸፋፍኖ መጻፉን ያውቅበታል፤ እኛ ግን መፍታቱን አላወቅንም። ማሰሩን በጨዋታ የለመደ ልጅ እንዲህ ያለውን ቶሎ ይለያል፤ ለእናቱም ይነግራል።

ሌላም ነገር አለ። ክልላችን ግጭት ላይ ከወደቀበት ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ወራት ተቋርጦ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር ትምህርቱ በኢንተርኔት ስለነበረ፣ ወሬውን እየሰሙ መከታተል ያቃታቸው ልጆች አሉን። እኛ ያሰብነው ግን ያለ ኢንተርኔት የሚሆን ነው።

አሳቡም ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በወረቀት ብቻ ይሆናሉ፤ መብራት ቢጠፋ ወረቀቱ አይጠፋም። ማንም ልጅ በቅድሚያ ቀናውን ይጽፋል፤ ቀጥሎ አሸፋፍኖ ለጓደኛው ይሰጣል። ያልፈታ እንደ እንቆቅልሻችን ደንብ አገር ይሰጣል፤ ቡሬን ይስጥ ፍኖተ ሰላምን፣ ከዚያ ፍቺውን ይሰማል። ፍቺው ከሥር ሳይጻፍ የሚያልፍ ወረቀት አይኖርም። በሦስተኛው ቀን ወደ ኮምፒውተር ይገባሉ። ሴቶች ልጆች፣ ትምህርት ያቋረጡ፣ ከገጠር ዘመድ ዘንድ የመጡ ሁሉ እኩል ይቀመጣሉ። ክፍያ የለም።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን። ጨዋታ በጨዋታ ቦታ፣ ሥራ በሥራ ቦታ ነው። የማኅበራችን የሒሳብ መዝገብ ሰምና ወርቅ አይኑረው፤ ማንም ገልጦ ያንብበው። ልጆቹም ለሰው ሥራ ፕሮግራም የሚጽፉበት ቀን ሲመጣ ቀናውን እንዲጽፉ ከመጀመሪያው ቀን ይነገራቸዋል።

ከናንተ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ለሦስት ቀን አውሱን፤ የምታስተምሩ መምህራን አንዳንድ ሰዓት ለግሱን፤ ለወረቀትና ለኤሌክትሪክ ገመድ መግዣ ከማኅበሩ ገንዘብ እንዲወጣ በሚቀጥለው ስብሰባ እጅ አውጡልን። ጥያቄውን ያነሡት አባታችንም የመጀመሪያውን ቀን መጥተው እንዲያዩልን ለምነናቸዋል። እሳቸውም ቅኔ ቤት የዋሉ ስለሆኑ ከልጆቹ ቀድመው ይፈቱታል ብለን እናምናለን።

እኛም ይህን የምንጽፈው ከአንደኛ ደረጃ ያላለፍን ሰዎች ነን። ያመለጠን ልጆቻችንን አያምልጣቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ