ጠበቃ ሆኖ የኖረ ሰው ዳኛ ሲሾም

በጎጃም አገር ነገር ዐዋቂ ሰው ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነው። በቀድሞው ዘመን ባለጉዳይ ኩታውን አደግድጎ ከዳኛ ፊት በቆመ ጊዜ፣ ሕዝቡ ፍርዱን ብቻ ሳይሆን የአነጋገሩን ውበት ጭምር ለመስማት ይሰበሰብ ነበር። «ተጠየቅ»፣ «በላ ልበልሃ» እየተባለ በማርና በበቅሎ ውርርድ ይገባ ነበር። ስለዚህ በክርክር ስሙ የተጠራ ጠበቃ ዕድሜው ከገፋ በኋላ ዳኛ ሆኖ የተሾመ እንደ ሆነ፣ ዘመድ ወዳጁ «የሚገባው ነው» ብሎ ቢደሰት አያስደንቅም።

ነገር ግን አስተውለን ብንመለከተው፣ ይህ ሹመት የልማድ መለወጥ ነው። ጠበቃ ከሁለቱ ወገን ለአንዱ ይቆማል፤ የደንበኛውን ድካም ሸፍኖ የባላጋራውን ይገልጣል። ሥራው ነውና ነውር አይባልም። ዳኛ ግን ለሁለቱም እኩል ጆሮ መስጠት አለበት። በአንደበቱ ሲረታ የኖረ ሰው ዝም ብሎ መስማትን በሽምግልናው ይማራል። የደግ ዳኛ መዝገብ ሲነበብ የባለጉዳዮቹ ቃል ብዙ፣ የዳኛው ጥያቄ ግን ጥቂት ሆኖ ይገኛል።

ይህም ሆኖ የጠበቃነቱ ዘመን በከንቱ የሚቀር አይደለም። የተጠና ምስክርነት ከእውነተኛው በምን እንደሚለይ ያውቃል። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ስንቁን ቋጥሮ ደብረ ማርቆስ ለሚመጣ ገበሬ፣ አንድ ቀጠሮ ማለት ስንቅ ማለቁና እርሻ መፍታቱ መሆኑን ከደንበኞቹ አፍ ሰምቶታል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑን ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። በወጣትነታቸው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ለጥቂት ዓመታት በዳኝነት ከሠሩ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ። አንዲት ልጃገረድ የጠለፋትን ሰው ገድላ በተከሰሰች ጊዜ ማኅበሩ ቆሞላት፣ ራሷን ለማዳን ያደረገችው ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። ወይዘሮ መዓዛም ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ በዚህ ማዕርግ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናቸው። እስከ ጥር 2015 ዓ.ም.ም አገለገሉ። በአሜሪካም ሚስተር ቱርጉድ ማርሻል፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች በትምህርት ቤት እንዳይለያዩ በ1954 እ.ኤ.አ. ተከራክረው ባስፈረዱበት በዚያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በ1967 እ.ኤ.አ. በ59 ዓመታቸው ዳኛ ሆነው ተቀመጡ።

እንግዲህ ለቤተ ሰብ የሚገባውን እንናገር። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25፣ ዳኛ ቀድሞ ጠበቃ በነበረበት ነገር፣ ደግሞም ከባለጉዳዩ ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ባለው ጊዜ፣ ከችሎት እንዲነሣ አዝዞ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የተተካው አዋጅም ይህንኑ ሥርዓት ጠብቋል። አዋጅ ግን በችሎት ያለውን ይጠብቃል እንጂ የጓዳውን በር አይጠብቅም። የጠበቃ ሚስት ከባለጉዳይ የመጣ አንድ ገንቦ ማር ብትቀበል፣ የባሏ የድካም ዋጋ ነው ልትል ትችል ነበር። ያንኑ ማር የዳኛ ሚስት ሆና ብትቀበል ጉቦ ነው። ማሩ አልተለወጠም፤ የቤቱ ስም ግን ተለውጧል።

ደግሞም ከደንበኛ ይገኝ የነበረው ገንዘብ ቀርቶ በደመወዝ መኖር ይመጣልና፣ ባልና ሚስት አስቀድመው ተመካክረው ወጪያቸውን ይወስኑ። በማኅበርና በተዝካር ላይ ዘመድ ነገሩን ሊያጫውት በጀመረ ጊዜ «ይህን በችሎት ተናገረው» ብሎ በትሕትና መመለስን ልጆችም ይልመዱት። በመጀመሪያ ቅር የሚሰኝ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን አባቶቻችን «ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» ያሉት፣ በትክክል የተፈረደበት ሰው ቂም እንደማይዝ ዐውቀው ነው። ቅር የተሰኘውም ዘመድ በኋላ ጊዜ ራሱ ተበድሎ ከችሎት በቆመ ጊዜ፣ ማንም ከጓዳ ሊያባብለው የማይችል ዳኛ በማግኘቱ ያመሰግናል።