ፖሊስና ሌባ የተስማሙበት ምክር

የታዋቂ ሰው ቤት በተሰበረ ቁጥር የሚታደል አንድ ምክር አለ፤ ኢንተርኔት ላይ አፋችሁን ሰብሰብ አድርጉ የሚል። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ በፈረንጆቹ 2024 ማብቂያ ላይ ለስፖርት ሊጎች ባሠራጨው ማስጠንቀቂያ ይህንኑ ደግሞታል። ውድ ዕቃችሁንና የቤታችሁን ውስጥ አታሳዩ፣ ለዕረፍት ስትወጡም እዚያው ሆናችሁ ፎቶ አትልቀቁ ነው ነገሩ። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ማለትም ኤን ኤፍ ኤል፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ለተጫዋቾቹ ያስተላለፈው መልእክትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁለቱም የመጡት የስፖርተኞች ቤት በተከታታይ ከተዘረፈ በኋላ ስለሆነ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ መተረት ይቻል ነበር። መዘግየቱን ግን ይቅር እንበለው። ይቅር ለማለት የሚያስቸግረው ምክሩ ጥፋቱን ያሳረፈበት ቦታ ነው። ያነበበው ሰው፣ በሩን ለሌባ የከፈተው የባለቤቱ አውራ ጣት ነው ብሎ ይደመድማል። አጥር፣ ካሜራ፣ የመዝገብ ቤት አሠራር፣ የፖሊስ ክትትል፣ ሁሉም ከጥያቄ ነፃ ይወጣሉ፤ ተጠያቂ ሆኖ የሚቀረው የተዘረፈው ሰው ስልክ ብቻ ነው።

ምክሩን በአንድ ምሽት እንፈትነው። ዲሴምበር 9 ቀን 2024፣ ሰኞ ማታ፣ የሲንሲናቲ ቤንግልስ ፉትቦል ቡድን ኳርተርባክ ጆ ቡሮ ዳላስ ሜዳ ላይ ሲጫወት ኦሃዮ ያለው ቤቱ ተሰብሮ ተዘረፈ። በዚያ ሰዓት ቡሮ ቤቱ አለመኖሩን ለማወቅ የቡሮን ገጽ መክፈት ማን ያስፈልገው ነበር? ቴሌቪዥን መክፈት ይበቃል። ሰውየው ከቤቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ስሙና ቁጥሩ በጀርባው ተጽፎ፣ ካሜራ ፊቱ ድረስ እየተጠጋው፣ በቀጥታ ሥርጭት ለመላው አሜሪካ ይታይ ነበር። ያን ምሽት ዳላስ እንደሚሆን ደግሞ ሊጉ የዓመቱን መርሐ ግብር ይፋ ካደረገበት ከሜይ ወር ጀምሮ የታወቀ ነው። ሌባው ሰባት ወር የዝግጅት ጊዜ ተሰጥቶታል ማለት ነው። ከሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 7፣ የካንሳስ ሲቲው ተጫዋች የትራቪስ ኬልሲ ቤት የተሰበረውም ቡድኑ በገዛ ሜዳው በሚጫወትበት ምሽት ነበር። የሚገርመው ሊጉ ይህን አለማወቁ አይደለም፤ ሌቦቹ የቡድኖችን መርሐ ግብር እየተከተሉ በጨዋታ ቀን እንደሚሰማሩ ለተጫዋቾቹ ባስተላለፈው በዚያው መልእክት ውስጥ ተጠቅሷል። ሌባው የሚያነበው የእኛን ሰሌዳ ነው ብሎ ያመነ ተቋም፣ ተመልሶ ተጫዋቹን አንተ አትለጥፍ ይለዋል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይህ ነው።

ሊጉ መርሐ ግብሩን ይደብቅ ለማለት አይደለም። ትኬት የሚሸጠው፣ ማስታወቂያ የሚገባው በዚያ ሰሌዳ ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ተደብቆ አይካሄድም። ነገር ግን የአንድን ሰው ከቤት መውጣት በደቂቃ ቆጥሮ ለዓለም በመንገር ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት፣ ያ ማሳወቅ የሚያስከትለውን አደጋ ለሠራተኛው በምክር መልክ ማስረከቡ ሊያሳፍረው ይገባ ነበር። ነገሩ የአሜሪካ ብቻም አይደለም። የአውሮፓን ኳስ የሚከታተል አንባቢ ማርች 14 ቀን 2021 ፓሪስ ላይ የሆነውን አይረሳም። ፒ ኤስ ጂ ከናንት ጋር እየተጫወተ ሳለ አሠልጣኙ ፖቼቲኖ ተጫዋቹን ዲ ማሪያን ድንገት ቀየረው፤ ከዚያ ጨዋታውን ትቶ አብሮት ወደ መልበሻ ክፍል መተላለፊያ ሲገባ ታየ። ሜዳው ውስጥ ያሉት ምክንያቱን አላወቁም። ቤተሰቡ ውስጥ እንዳለ የዲ ማሪያ ቤት ተሰብሮ ነበር፤ በዚያው ምሽት የቡድን ጓደኛው የማርኪኞስ ወላጆች ቤትም ተዘረፈ። የዲ ማሪያ ስልክ ያን ሰዓት የት ነበር? የተጫዋች ስልክ በጨዋታ ሰዓት የሚውልበት ቦታ፣ መልበሻ ክፍል።

ምክሩ የሚያነክሰው በሁለተኛ እግሩም ነው። ቤት ሰባሪ ሦስት ነገር ማወቅ ይፈልጋል፤ ማን ምን አለው፣ ቤቱ የት ነው፣ ባለቤቱ መቼ አይኖርም። «አትለጥፉ» የሚለው ምክር በዋናነት ሦስተኛውን፣ በመጠኑም የመጀመሪያውን ይነካል። «የት» የሚለውን ግን ለሌባው የሚመልስለት ብዙ ጊዜ መንግሥት ራሱ ነው። በብዙ የአሜሪካ ካውንቲዎች የንብረት ግብር መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ የባለቤቱ ስም፣ የቤቱ አድራሻ፣ የተገዛበት ዋጋ፣ አንዳንዴም የቤቱ ንድፍና ፎቶ ይገኝበታል። ቤቱ ሊሸጥ በወጣ ጊዜ ደላላው ያነሣው የየክፍሉ ምስል ከሽያጩ በኋላም ኢንተርኔት ላይ ሲንከራተት ይኖራል፤ መኝታ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ የጓሮው በር ወደ የት እንደሚከፈት ባለቤቱ አንድም ቀን ሳይለጥፍ ይታያል። በዚህ ላይ የሰውን ስም ተቀብለው የቀድሞና የአሁን አድራሻውን ከነዘመዶቹ የሚሸጡ ድረ ገጾች አሉ። ቡሮም ከዘረፋው በኋላ ሲናገር ያማረረው ይህንኑ ነበር፤ ከሚፈልገው በላይ የሆነ መረጃው ቀድሞውኑ አደባባይ ላይ እንዳለ።

የአድራሻ መዝራት አደገኛ መሆኑን የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች አያውቁም ብሎ የሚከራከር ካለ፣ እንደሚያውቁ ራሳቸው አስመስክረዋል። በጁላይ 2020 ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ታጣቂ የፌዴራል ዳኛን ቤት በር አንኳኩቶ ልጇን ገደለ፣ ባሏን አቆሰለ። አድራሻዋን ያገኘው ያለ ብዙ ድካም ነበር። ግዛቱ በዚያው ዓመት በሟቹ ስም የተሰየመ የዳንኤል ሕግ አወጣ፤ ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎችና ፖሊሶች የቤት አድራሻቸው ከኢንተርኔት እንዲነሣ የማስገደድ መብት አገኙ። በ2022 የፌዴራሉ መንግሥት ለፌዴራል ዳኞች ተመሳሳይ ሕግ አጸደቀ። ትክክለኛ ሕግ ነው። ነገር ግን ለባለሥልጣኑ ሕግ፣ ለቀረው ሕዝብ ምክር መሆኑን ልብ ይሏል። ዳኛው አድራሻዬን አንሡ ብሎ ያስገድዳል፤ ነርሷና ታክሲ ነጂው ስልካችሁን ዝጉ ይባላሉ። ካሊፎርኒያ በ2023 ነዋሪዎቿ ሁሉ መረጃ ነጋዴዎችን በአንድ ጥያቄ መረጃችንን ደምስሱ የሚሉበትን ሕግ ማጽደቋ ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያል። ስለዚህ የጎደለው ዘዴ አይደለም።

ምክሩን ሳይንስ ለማስመሰል የሚጠቀስ አኃዝም አለ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ከጋዜጣ ጋዜጣ እየተቀዳ ዞሯል። 78 በመቶ የሚሆኑት የቀድሞ ሌቦች፣ የዛሬ ሌቦች ማኅበራዊ ሚዲያን እንደሚጠቀሙ ያምናሉ ይላል። ቀረብ ብለን እንየው። ጥናቱ በ2011 ብሪታንያ ውስጥ የተሠራ ነው። የተጠየቁት 50 ሰዎች ናቸው፤ 78 በመቶ ማለት 39 ሰው ነው። የተናገሩት ራሳቸው ስላደረጉት አይደለም፣ ሌሎች ያደርጉታል ብለው ስለሚገምቱት ነው። ያስጠየቀው ደግሞ የበር ደወልና የማንቂያ መሣሪያ የሚሸጥ ኩባንያ ነው። ጃንጥላ ሻጭ ዝናብ ይመጣል ቢል ውሸታም አይባልም፤ የአየር ትንበያ ሠራተኛ ግን አይደለም።

እዚህ ላይ፣ እንግዲያው እንደልባችን እንልቀቅ ወይ የሚል ይኖራል። አይደለም። የቼልሲው ጆን ቴሪ በፌብሩዋሪ 2017 ከቤተሰቡ ጋር በረዶ ላይ ሲንሸራተት የሚያሳይ ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ካወጣ በኋላ እንግሊዝ ሰሪ የሚገኘው ቤቱ ተሰብሮ ወደ 400,000 ፓውንድ የሚገመት ንብረት ተወስዷል፤ የፎቶው ጉዳይ በፍርድ ቤት ተነሥቷል። በ2008 እና በ2009 ሆሊውድ ውስጥ የዝነኞችን ቤት ሲዘርፉ የነበሩት ወጣቶችም ባለቤቶቹ የት እንዳመሹ የሚከታተሉት በኢንተርኔት ነበር። ይህን መካድ አይቻልም። ግን እነዚያው ወጣቶች ዝነኛዋ ፓሪስ ሂልተን ቤት የገቡት በሩ አጠገብ ምንጣፍ ሥር ባገኙት ቁልፍ ነው፤ ኢንተርኔቱ ሰዓቱን ነገራቸው እንጂ በሩን የከፈተው ምንጣፉ ነው። ደግሞም ፎቶ ማንሣት የዘመኑ ሰው ሁሉ ልማድ ሆኗል። በቡሮ ቤት ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ ለፍርድ ቤት ካቀረበው ማስረጃ አንዱ፣ ተጠርጣሪዎቹ የተሰረቀውን ሰዓትና ጌጥ ይዘው የተነሡት ነው የተባለ ፎቶ ነው። በእስር ሥጋት ውስጥ ያለ ሰው እንኳ ሊቋቋመው ያልቻለውን ፈተና፣ ሠርግ የሄደች ወጣት ትቋቋመዋለች ብሎ የደኅንነት ፖሊሲ ማቆም ከተላላነት አያልፍም።

ለእኛ ሰው ምክሩ ይበልጥ የማይሠራበት ምክንያትም አለ። ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ የሚኖር ቤተሰብ ለገና አዲስ አበባ ሲገባ፣ መሄዱን የሚለጥፈው ብዙ ጊዜ እሱ አይደለም። ቦሌ አበባ ይዞ የተቀበለው የአጎት ልጅ ነው፤ ሠርጉን ላይቭ ያስተላለፈው ቪዲዮ አንሺ ነው። ለቅሶ ሲሆን ደግሞ የሟች ቤተሰብ ስም፣ የቀብሩ ቀንና ሰዓት፣ ድንኳኑ የሚተከልበት ቤት አድራሻ በቴሌግራም ከግሩፕ ግሩፕ ይዞራል፤ እንዳይዞር ማድረግም ነውር ነው። ይህ ከድሮው የተለየ አይመስልም። አንድ ሰው አገር ቤት ሲሄድ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ቁልፉን ለጎረቤት ይሰጣል፣ ቤቱን አደራ ይላል፤ ቤቱ ባዶ መሆኑን የሚያውቀው ሰው በበዛ ቁጥር የሚጠብቀው ዓይን ይበዛል። ዛሬ ዕውቀቱ ሺህ ጊዜ ሰፍቶ አደራው ቀረ። መሄዳችንን አይተው ልብ ከሚያደርጉልን 900 ሰዎች መካከል ማታ መብራት በርቶ እንደሆነ ብቅ ብሎ የሚያይልን አንድ እንኳ ላይኖር ይችላል። የኤፍ ቢ አይ ምክር የሚያወራው ስለ ዕውቀቱ ብቻ ነው፤ በአደራው ቦታ የቀረው ባዶ ግን አይታየውም። እንዲያውም ቃል በቃል ከተከተልነው፣ መሄዳችንን ለቅርብ ጎረቤታችን ለመንገር የምንፈራ ሰዎች ያደርገናል።

ከሁሉ ይልቅ ምክሩን እንድጠራጠር የሚያደርገኝ ግን በእሱ ላይ የተስማሙት ሰዎች ማንነት ነው። ኦክቶበር 3 ቀን 2016 ሌሊት ፓሪስ ውስጥ አሜሪካዊቷ ዝነኛ ኪም ካርዳሺያን በመሣሪያ ተይዛ ስትዘረፍ፣ ከሌቦቹ አንዳንዶቹ የፖሊስ ጃኬት ለብሰው፣ በብስክሌት መጥተው ነበር። 18.88 ካራት ያለውን ቀለበቷን ከጥቂት ቀናት በፊት ኢንስታግራም ላይ አሳይታ ነበርና፣ የፓሪስ ፖሊስ ቃል አቀባይ ነገሩን ወዲያው ከማኅበራዊ ሚዲያ ጋር አያያዘችው፤ ዒላማው ዝነኛዋ ናት፣ ዕቃዋም የታየው በዚያ ነው ተባለ። ከ2015ቱ የሽብር ጥቃት በኋላ ቱሪስት ለቀነሰባት ከተማ፣ ችግሩ ከተማዋ ሳትሆን ስልኳ ነው ማለት የሚያጽናና ነገር ነው። የዘረፋው መሪ ተብሎ በሜይ 2025 የተፈረደበት ሰውም ለመርማሪዎች የሰጠው ቃል ያው ነበር፤ ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ ነበር አለ። ለእሱም ቢሆን የሚያጽናና ነው፤ ኢንተርኔት ከነገረኝ ሌላ የነገረኝ ሰው አልነበረም ማለት ነውና። ሆኖም ሁሉን ኢንተርኔት ከነገራቸው፣ የሌሊቱን እንግዳ ተቀባይ አስረው ክፍሏን እንዲያሳያቸው ለምን አስገደዱት? ጠባቂዋ በዚያ ሰዓት ከእህቷ ጋር ሌላ ቦታ መሆኑስ እንዴት ተመቻቸላቸው? ዐቃቤ ሕግ የውስጥ አቀባይ ነበር ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ስምንቱን ጥፋተኛ ሲል፣ መረጃ አቀበሉ የተባሉትን ሁለቱን በነፃ አሰናበተ።

ስለዚህ ወደ ዘጠኝ ዓመት ከተጠጋ ምርመራና ክርክር በኋላም ማን ነገራቸው የሚለው ጥያቄ በፍርድ አልተዘጋም። ምናልባት እውነትም ፎቶው ብቻ ነበር፤ ምናልባት አንድ የምታውቀው ሰው ነበር፤ ምናልባትም ሁለቱ ተጋግዘዋል፤ ፎቶው ምን እንዳላት ነግሮ፣ ሰው መቼ ብቻዋን እንደምትሆን ነግሮ። ቀለበቱን ባታሳይ ኖሮ በሰላም ታድር ነበር ብሎ በሙሉ ልብ መናገር ያስቸግራል፤ አታድርም ብሎ መማልም እንደዚያው። እርግጠኛ ሆነው የተናገሩት፣ በዚያ ክስ ውስጥ፣ ፖሊሱና ሌባው ብቻ ነበሩ።