የመጨረሻ ቀናት እንክብካቤ በምን ይመዘናል? የሆስፒስ አገልግሎት ጥራት በምሥራቅ አፍሪካ

በቀዶ ሕክምና ላይ ስሕተት ቢፈጸም ታካሚው ድኖ ሊከስስ፣ ቢያንስ ለጎረቤቱ ሊናገር ይችላል። የወሊድ አገልግሎት ጉድለትም በእናቶችና በሕፃናት ሞት ቁጥር ይገለጣል። ለማይድን ሕመም በሚሰጠው የሆስፒስ አገልግሎት ግን ሞት የውድቀት መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ ሁሉም ታካሚ የሚሄድበት መንገድ ነውና። በዚያ መንገድ ላይ የተሠቃየውም ሆነ እፎይ ያለው ሰው ተመልሶ አይመሰክርም። ቤተሰቡ በሐዘን ላይ ነው፤ በክፉ ቀን ደጁን የረገጠችለትን ነርስ ማማትም ነውር ይሆንበታል። ስለዚህ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ከማመስገን አያልፍም።

ይህ ዝምታ በምሥራቅ አፍሪካ የሆስፒስ አገልግሎትን ከሚገባው ምዘና ውጪ አቆይቶታል። አገልግሎቱ መኖሩ ራሱ እንደ ታላቅ ነገር ይታያል፤ የሠራተኞቹ ደግነትም ለጥራቱ በቂ ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል። ይሁንና ደግነትና ጥራት አንድ አይደሉም። ርኅሩኅ የሆነች ነርስ ሞርፊን በእጇ ከሌለ ጽኑ የካንሰር ሕመምን ልታስታግስ አትችልም። የካንሰርና የሌሎች ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ሸክም እየከበደ፣ የውጭ ርዳታ ደግሞ እየሳሳ ባለበት በዚህ ወቅት፣ የትኛው ተቋም በእርግጥ ሥቃይን ያስታግሳል የሚለው ጥያቄ ለቤተሰብም ለመንግሥትም አስቸኳይ ሆኗል።

ከሕንፃ ወደ ቤት

ሆስፒስ የሚለው ቃል ለብዙዎች አልጋ የተደረደረበት ሕንፃ ሊመስል ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ሲስሊ ሳውንደርስ ለንደን ውስጥ ያቋቋሙት የሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስ በእርግጥም ታካሚዎችን አስተኝቶ ያክም ነበር። ሳውንደርስ «አጠቃላይ ሕመም» ያሉት አስተሳሰብም የዘርፉ መሠረት ሆኖ ቀጥሏል። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም፤ የአእምሮ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስም ነው።

አስተሳሰቡ ወደ አፍሪካ ሲሻገር ግን መልኩን ለወጠ። በ1979 በዚምባብዌ ሐራሬ፣ በ1990 በናይሮቢ፣ በ1993 በካምፓላ፣ በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ ሆስፒሶች ተቋቋሙ። የካምፓላው ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳ በሐኪሟ አን ሜሪማን ሲመሠረት ታካሚዎችን የማስተኛት ዕቅድ አልነበረውም፤ ሥራው ሕመምተኛውን በቤቱ መጎብኘትና በተመላላሽ ማከም ነበር። የአዲስ አበባው ሆስፒስ ኢትዮጵያም ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚያይ ተቋም ነው።

ስለዚህ በዚህ ክፍለ አህጉር አንድን ሆስፒስ በግቢው ስፋት ወይም በአልጋው ብዛት መመዘን ከመነሻው የተሳሳተ ነው። የሚመዘነው ነገር ያለው በሕመምተኛው መኝታ አጠገብ ነው።

የመጀመሪያው መለኪያ፦ ሞርፊን

በመኝታው አጠገብ ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ የመድኃኒት ጥያቄ ነው። ጽኑ የካንሰር ሕመምን ለማስታገስ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን አስፈላጊ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 ባወጣው መመሪያ ካስታወቀ አራት ዐሥርት ዓመታት ሊሞላ ነው ወይም ሞልቷል። ዋጋውም ውድ የሚባል አይደለም። ሆኖም ላንሴት የተሰኘው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በዓመት ለዓለም ከሚከፋፈለው ወደ 299 ቶን የሚጠጋ የሞርፊንና መሰል መድኃኒት ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው።

የዚህ ምክንያቱ ድህነት ብቻ አይደለም። በ1961 የወጣው ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት መድኃኒቶቹን ከመቆጣጠር ጎን ለጎን ለሕክምና የግድ አስፈላጊ መሆናቸውን በመግቢያው ያውጃል። ብዙ መንግሥታት የቁጥጥሩን ግዴታ አጥብቀው ሲይዙ የአቅርቦቱን ግዴታ ግን ዘንግተውታል። በሐኪሞችና በቤተሰብ ዘንድ ያለው የሱስ ፍርሃት ደግሞ በዚህ ላይ ይታከላል።

ዩጋንዳ ይህን ማነቆ ለመፍታት ሁለት ርምጃ ወሰደች። አንደኛ፣ የሞርፊን ዱቄት ከውጭ ገብቶ አገር ውስጥ በውሃ እየተበጠበጠ እንዲዘጋጅና ለሕሙማን በነጻ እንዲሰጥ አደረገች፤ የመድኃኒቱ ጥንካሬ እንዳይምታታም ፈሳሹ በተለያየ ቀለም ይለያል። ሁለተኛ፣ በ2004 ሕጓን አሻሽላ፣ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና የጤና መኰንኖች ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቀደች። ሐኪም በማይደርስበት ገጠር ይህ ሥልጣን ትልቅ ትርጉም አለው። በ2015 በ80 አገሮች ላይ በተደረገው «የአሟሟት ጥራት» ምዘና ዩጋንዳ ከብዙ ሀብታም አገሮች ቀድማ 35ኛ ደረጃ ላይ እንድትቀመጥ ካበቋት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

ጥራትን ለሚመዝን ሰው የዩጋንዳ ልምድ የሚያስተምረው ነገር አለ። «ሞርፊን አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም። ባለፈው ዓመት ስንት ቀን አለቀባችሁ? ሲያልቅ ሕመምተኛውን ወዴት ላካችሁት? መድኃኒቱ ሕመሙ ሲብስ ብቻ ይሰጣል ወይስ በየሰዓቱ ሳይቋረጥ? ሞርፊን የሚያስከትለውን የሆድ ድርቀት የሚከላከል መድኃኒት አብሮ ታዝዟል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሥራውን የሚያውቅ ተቋም የሚለየው በእንዲህ ያለው ነገር ነው። የካንሰር ቁስል ሽታ ሲያመጣ ሜትሮኒዳዞል የተባለውን ርካሽ መድኃኒት ፈጭቶ ቁስሉ ላይ በመነስነስ ሽታውን መቀነስ እንደሚቻል የሚያውቅ ነርስ፣ ሕመምተኛውን ከጠያቂ ዘመዶቹ ጋር መልሶ ያቀራርበዋል። ሽታውን ፈርቶ ብቻውን ለሚተኛ ሰው ይህ ክብሩን እንደ መመለስ ነው።

ዐሥሩ ጥያቄዎች

የሕመምተኛው ምስክርነት ከሞቱ በፊት ካልተመዘገበ ከነጭራሹ አይገኝም። ይህን የተረዱ የአፍሪካ ባለሙያዎች ለአህጉሩ የሚስማማ መለኪያ አዘጋጅተዋል። መቀመጫውን ካምፓላ ያደረገው የአፍሪካ ማስታገሻ ሕክምና ማኅበር ያስተዋወቀው ይህ መለኪያ ዐሥር ጥያቄዎች ብቻ አሉት።

ሰባቱ ለሕመምተኛው ይቀርባሉ። ስለ ሥጋ ሕመሙ፣ ስለ ሌሎች ምልክቶች፣ ስለ ጭንቀቱ፣ ስሜቱን ለሰው ማካፈል ስለ መቻሉ፣ ሕይወቱ ትርጉም ያለው ሆኖ ይሰማው እንደሆነ፣ የመንፈስ ሰላም ስለ ማግኘቱ፣ እንዲሁም ቤተሰቡ ለወደፊቱ እንዲዘጋጅ በቂ ምክር ስለ ማግኘቱ ይጠየቃል። ሦስቱ ለአስታማሚው ናቸው፤ ምን ያህል መረጃ እንደተሰጠው፣ ለማስታመም ምን ያህል እንደሚተማመንና ምን ያህል እንደሚጨነቅ ይጠይቃሉ። መልሱ ከ0 እስከ 5 ይሰጣል። ቁጥር ለማያነብ ሰው ደግሞ እጅ ይበቃል፤ የተጨበጠ እጅ ዜሮ ነው፣ አምስቱም ጣቶች ሲዘረጉ አምስት።

የመለኪያው ትልቅ ጥቅም ንጽጽር ማስቻሉ ነው። በመጀመሪያው ጉብኝት አራት ጣት የዘረጋ ሰው በሳምንቱ አንድ ጣት ከዘረጋ አገልግሎቱ ሠርቷል። ከሳምንታት በኋላም አራት ጣት ከሆነ፣ ጎብኚዎቹ የቱንም ያህል ደግ ቢሆኑ መስተካከል ያለበት ነገር አለ። ችግሩ እንዲህ ያለው መረጃ ብዙውን ጊዜ ለጥናትና ለለጋሾች ዘገባ ከመዋል አልፎ፣ ተቋም ለሚመርጥ ቤተሰብ ይፋ አለመሆኑ ነው።

ነርሷ ከሄደች በኋላ

በቤት ውስጥ እንክብካቤ የሆስፒስ ሠራተኞች ከሕመምተኛው ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ አጭር ነው። የቀረውን ቀንና ሌሊት የሚሸከመው ቤተሰቡ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሚስት፣ እናት ወይም ከትምህርት የቀረች ልጅ ናት። ስለዚህ የጉብኝት ብዛት ብቻውን ስለ ጥራት ብዙ አይናገርም። ዋናው ነገር ጎብኚው ሲሄድ በቤቱ ትቶት የሚሄደው ዕውቀት ነው።

አስታማሚዋ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን በምታነበው ቋንቋ ተጽፎላት እንደሆነ፣ ሕመምተኛውን እያገላበጠች የመኝታ ቁስል እንዳይወጣበት ማድረግን በእጇ አሠርተው አሳይተዋት እንደሆነ፣ ሕመሙ እኩለ ሌሊት ላይ ቢነሣ የምትደውልበት ስልክና ስልኩን የሚያነሣ ሰው መኖሩ መጠየቅ አለበት። ሌሊት ስልክ የማይነሣ ከሆነ አገልግሎቱ በሥራ ሰዓት ብቻ ያለ ነው፤ የሞት ጣር ግን የሥራ ሰዓት አይጠብቅም።

እውነቱን ማን ይንገረው?

በኢትዮጵያና በአጎራባች አገሮች የከባድ ሕመም ዜና ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለቤተሰብ ነው፤ ሕመምተኛው «ተስፋ እንዳይቆርጥ» ይደበቀዋል። የዚህ ልማድ መነሻ ፍቅር እንጂ ተንኮል አይደለም። ሆኖም ሕመሙን ያላወቀ ሰው ልጆቹን አይመክርም፣ ዕዳውን አያስታውቅም፣ ከተጣላው አይታረቅም፣ ንስሐም ለመግባት ጊዜ አያገኝም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል፣ በሽታው ለተደበቀበትም ሰው ይሠራል።

በዚህ ረገድ ጥሩ ሆስፒስ ሁለት ጽንፎችን ይሸሻል። ዜናውን እንደ መርዶ በድንገት አያፈርጥም፤ ለዘላለምም አይሸፍንም። ሕመምተኛው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ራሱን ይጠይቃል፣ ቤተሰቡን ያዘጋጃል፣ ካህኑን ወይም ሼኹን በጊዜው ያቀርባል። በተለይ በኢትዮጵያ ብዙ የካንሰር ሕሙማን ወደ ሕክምና የሚደርሱት በሽታው ከተሠራጨ በኋላ በመሆኑና የጨረር ሕክምናም ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ በመቆየቱ፣ ይህ ውይይት ለብዙ ቤተሰብ የማይቀር ነው።

ይፋ የሆነ መረጃ ያለበት አገር ልምድ

ምዘና ይፋ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩባት አሜሪካ ትጠቅሳለች። በዚያ የመንግሥቱ የጤና መድን ሜዲኬር ለሆስፒስ ይከፍላል፤ ሕመምተኛው ካረፈ ከወራት በኋላም አስታማሚው ስለ አገልግሎቱ መጠይቅ ይላክለታል፤ ውጤቱም በተቋም በተቋም ተለይቶ ለሕዝብ ይገለጣል። ይህ የቤተሰብን ዝምታ የሚሰብር ሥርዓት ነው።

ሆኖም መረጃ ብቻውን ጥራትን አያረጋግጥም። በአገሪቱ ካሉት ሆስፒሶች አብዛኞቹ ለትርፍ የቆሙ ናቸው፤ ክፍያውም በዋናነት በቀን የሚታሰብ በመሆኑ፣ ብዙ ወራት የሚቆዩና ጥቂት ጉብኝት የሚያስፈልጋቸውን ሕሙማን መመዝገብ ትርፋማ ነው። በአስታማሚዎች ምላሽ ላይ የተመሠረቱ ጥናቶች ለትርፍ የሚሠሩት በአማካይ ዝቅ ያለ ውጤት እንዳላቸው አሳይተዋል። በዚያ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ ተቋሙ ባለሙያ አስተርጓሚ ያቀርባል ወይስ ልጆችን ያስተረጉማል? አባቱን ለማሳዘን የማይደፍር ልጅ የሐኪሙን ቃል እንዳለ አያደርስም።

ገንዘቡና ያልተደረሰባቸው

በምሥራቅ አፍሪካ ችግሩ የትርፍ ሳይሆን የገንዘብ ምንጭ ነው። ዘርፉ ለዓመታት በውጭ ለጋሾች፣ በተለይም ከኤች አይ ቪ መርሐ ግብሮች ጋር ተያይዞ በመጣ ድጋፍ ላይ ተደግፎ ኖሯል። አሜሪካ በ2025 መጀመሪያ የውጭ ርዳታዋን ስታቆም የዚህ መሠረት ደካማነት በግልጽ ታየ። በለጋሽ ፈቃድ ላይ የቆመ አገልግሎት ዛሬ ጥሩ ቢሆን እንኳ ነገ ስለ መኖሩ ዋስትና የለውም፤ የማይቀጥል እንክብካቤ ደግሞ ለተጀመረለት ሕመምተኛ ተጨማሪ ሥቃይ ነው። ሩዋንዳ በ2011 ራሱን የቻለ ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና ፖሊሲ አውጥታ አገልግሎቱን ከመንግሥት የጤና መዋቅር ጋር ማስተሳሰሯ ለዚህ የተሻለ አቅጣጫ ያመለክታል።

በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የማስታገሻ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች አገልግሎቱን የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የአንድ ሆስፒስ ጥራት ሲነሣ በመዝገቡ ላይ ያልሰፈሩት ጭምር ሊታሰቡ ይገባል፤ በመንገድ ርቀት፣ በገንዘብ እጦት ወይም የሚልካቸው ሐኪም በማጣት የቀሩት ማለት ነው።

ከዚህ የሚነሣው መደምደሚያ ግልጽ ነው። የጤና ሚኒስቴሮች ከየሆስፒሱ ጥቂት ነገር ብቻ በየዓመቱ ይፋ እንዲያደርግ ቢጠይቁ ብዙ ይለወጣል፦ ሞርፊን ያለቀባቸው ቀናት ብዛት፣ ሕመምተኛው ከተላከ እስከ መጀመሪያው ጉብኝት ያለፈው ጊዜ፣ የሕመሙ መጠን በመጀመሪያውና በቀጣዩ ሳምንት። ቤተሰቡም አርባው ካለፈ በኋላ፣ ከተቋሙ ውጪ በሆነ ሰው ቢጠየቅ ምስጋናውንም ቅሬታውንም ያለ ይሉኝታ ይናገራል። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃም ሆነ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው፣ ሕመምተኛው እጁን ዘርግቶ መመለስ በሚችልበት ጊዜ ቀርቦ መጠየቅና መልሱን መመዝገብ ነው።