ሙከራ ከባሕር ማዶ ብቻ አይመጣም

አንድ ጽሕፈት ቤት በጠራው የኪነ ጥበብ ግምገማ ላይ አጭር ትርኢት አቅርቤ ነበር። ሦስት ተዋንያን ያለ መጋረጃና ያለ ከበሮ፣ በየምሽቱ አዲስ ቃል እየፈጠሩ የሚያሳዩት ሥራ ነበር። ከገምጋሚዎቹ አንዱ «ጭፈራው የታለ?» ሲሉ ጠየቁ። ሌላው ደግሞ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለጎጃም ሰው አይሆንም» አሉ። ያን ዕለት አልመለስኩም፤ ዛሬ ግን እመልሳለሁ።

በመሠረቱ ሙከራዊ ትርኢት ማለት ምን ማለት ነው? በተመልካች ፊት የሚወለድ፣ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላም እንደነበረ የማይደገም ሥራ ማለት አይደለምን? ይህን ትርጉም ይዞ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ ወይም ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ለሚዘልቅ ሰው፣ ትርጉሙ ከነትምህርት ቤቱ ይጠብቀዋል። መምህሩ ይዘርፋሉ። ተማሪው የሰማውን ይዞ ከጓደኞቹ ይለይና ለብቻው ቅኔ ይቆጥራል። ሲመለስም በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ይታረማል፤ ይነቀፋል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግም ግን ያፍራል። የቤቱ ልክና ሰምና ወርቁ ጥብቅ ሕግ ነው፤ ቃሉ ደግሞ ዘወትር አዲስ ነው። ሙከራን ከሥርዓት አልባነት ጋር የሚያምታቱ ሁሉ ይህን ልብ ይበሉ።

የዚህ ትምህርት ፍሬ በመድረክ ላይ ታይቷል። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ሮቹ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ካሳዩ በኋላ፣ ይህ ጥበብ ገና ጨቅላ ሳለ፣ ዮፍታሔ ከቅኔ ቤት ያገኙትን ችሎታ ይዘው ገቡበት። ግጥምን፣ ዜማንና ድርጊትን አዋሕደው ተማሪዎችን ለመድረክ አበቁ። በ1939 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም የጻፉት ሁሉ በዘመኑ ሙከራ ነበር። ታዲያ ማን ነው ሙከራ ለጎጃም ባዕድ ነው የሚለን?

የውጭውንም ዓለም እንመልከት። ጆን ኬጅ ግጥምን፣ ሙዚቃን፣ ውዝዋዜንና ሥዕልን በአንድ አዳራሽ በአንድ ጊዜ ያቀረበው በ1952 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና ተራሮች መካከል በነበረው በትንሹ ብላክ ማውንቴን ኮሌጅ ነበር። የፖላንዱ ግሮቶቭስኪም የቴአትር ቤተ ሙከራውን በ1959 እ.ኤ.አ. የጀመረው በዋና ከተማው በዋርሶ ሳይሆን በኦፖሌ ነው። ከማእከል ርቆ የሚገኝ ትምህርት ቤት ገበያውና ሹመቱ ስለማያጣድፉት ለመሞከር ጊዜ አለው።

እኛስ? የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በ1950 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲው የቴአትር ጥበባት ክፍል በ1971 ዓ.ም. ሲቋቋሙ ሁለቱም የተተከሉት በአዲስ አበባ ነው። ለክፍለ ሀገር የደረሰው የኪነት ቡድን ነበር። የጎጃሙ ግሽ አባይ ሕዝብን አስደስቷል፤ ውለታውን አልክድም። ነገር ግን ቡድን ለበዓል ቀን የተዘጋጀ ነገር ይጠየቃል፤ ትምህርት ቤት ግን ገና ያልበሰለውን ይታገሣል። ይህን ልዩነት ስላልተረዳን ዛሬም በየመድረኩ የምናየው ያው እስክስታ፣ ያው አለባበስ ነው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ይኸውም ቅኔ የቤተ ክርስቲያን ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ከመቅደስ አውጥታችሁ አደባባይ አቁሙት አልልም። እንዲያውም ተዋናይን ደበሎ አልብሶ፣ አኩፋዳ አስይዞ ማሳየት ልብሱን ወስዶ ዘዴውን መተው ነው። የምጠይቀው ዘዴውን ነው። የቅኔ ቤትንም ጉድለት አልሸፍንም፤ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ቅኔ ያስተማሩ ሊቅ ቢሆኑም፣ እንደ እርሳቸው ያለ ዕድል ያገኙ ሴቶች ጥቂቶች ናቸው። አዲሱ ትምህርት ቤት በሩን ለሴቶች ልጆች ከመጀመሪያው ቀን ይክፈት።

እንግዲህ በደብረ ማርቆስ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይቋቋም ስል የአዲስ አበባው ግልባጭ ይምጣ ማለቴ አይደለም። ተማሪው በየዕለቱ የራሱን ሥራ ይዞ በጓደኞቹ ፊት ይቁም። መሪጌታውና አዝማሪው ለበዓል የሚጠሩ እንግዶች ሳይሆኑ ደመወዝ የሚከፈላቸው መምህራን ይሁኑ። ያልተሳካ ሙከራም ተማሪን የሚያስባርር ጥፋት ሆኖ አይቆጠር፤ በቅኔ ቤት የተበላሸ ቤት ይታረማል እንጂ ተማሪው አይባረርም።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላል ያገሬ ሰው። «የፈረንጅ ነገር» ላሉኝ ገምጋሚ መልሴ ይህ ነው፤ ያዩት ትርኢት መንገዱን የተማረው ከደብረ ኤልያስ ነው። «ጭፈራው የታለ?» ላሉትም፦ ለዚያ ምሽት የተወለደው ቃል ነበር ጭፈራችን፤ እርስዎ ግን ከበሮ ሲጠብቁ አመለጠዎት።