ስለ ማርሚታ አርማ

በድሮ አቶሞቢሎች መለዋወጫ የሚነግዱ አስመጭዎችና ባለሱቆች እንደሚያውቁት፣ በጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ የሚሰካው በክሮም የተለበጠ ቱቦና በማርሚታ ላይ የሚገጠመው አርማ ፈላጊ አያጡም። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ደግሞ፣ አሮጌ ቮልስ ወይም ሴይቼንቶ በእጁ ያለ ሰው ንብረቱን እንደ ቅርስ ቢመለከተውና ቢያስጌጠው የሚያስገርም አይደለም። ጌጥ መሸጥም ነውር የሌለበት ንግድ ነው። እኛ የምንነቅፈው አንድ ልማድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም አንዱ በሠራው ማርሚታ ላይ የሌላውን ስመ ጥር ሠሪ አርማ ለጥፎ እንደ አንድ ዕቃ መሸጥ ነው።

ለዚህ ነገር የአባርትን ያህል ግልጽ ምሳሌ አይገኝም። ካርሎ አባርት እ.ኤ.አ. በ1908 በቪየና ከተማ ተወለደ፤ በ1949 በኢጣልያ የራሱን ድርጅት አቋቋመ፤ ኮከቡ ዐቅራብ ስለ ነበረም ጊንጥን አርማው አደረገ። ድርጅቱ በእሽቅድምድም ስሙ ይጠራ እንጂ፣ በየሱቁ ያስገባው ለትንንሽ አቶሞቢሎች የሚሠራው ማርሚታ ነበር። ገላው ጥቁር፣ ጫፉ በክሮም የሚያበራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው ሴይቼንቶ፣ በአዲስ አበባም ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ በታክሲነት ያገለገለው፣ ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ ማርሚታው በግልጽ ይታያል፤ ተከትሎ የሚነዳ ሰው ሁሉ ያየዋል። ሆኖም ገዢው ዋጋ የከፈለው ለጊንጡ ሥዕል አልነበረም። የከፈለው ለውስጡ ነው፤ ጭሱ ሳይታፈን እንዲወጣ፣ ድምፁም እንዲያምር ሆኖ ለተሰናዳው ቱቦ ነው። ድርጅቱን ፊያት እ.ኤ.አ. በ1971 ገዝቶታል።

የዚያ ዘመን ማርሚታ ዛሬ በደኅና ሁኔታ የሚገኘው በጥቂቱ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር የሚያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ አቶሞቢሉ አጭር መንገድ ብቻ ከሄደ ውሃው ሳይተንና ሳይደርቅ በማርሚታው ሆድ ይቀርና ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ እውነተኛው ዕቃ ብርቅ ሆነ፤ አርማው ግን እንደ ልብ የሚገኝ ሆነ። ፈተናውም የመጣው ከዚህ ነው።

«ገዢው ያውቃል፤ ዋጋው ማነሱ ራሱ ይነግረዋል» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ለመጀመሪያው ገዢ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አቶሞቢል ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደረሰኙ ጠፍቶ አርማው ብቻውን ይቀራል፤ ሦስተኛው ገዢ ጊንጡን አይቶ ብዙ ብር ይጨምራል፤ ማርሚታው ሲፈታ ነገሩ ይገለጣል። ያን ጊዜ የሚነሣው የማን ስም ነው? ዕቃው የወጣበት ሱቅ ስም ነው። በእንግሊዝ አገር የአውቶሞቢል ማኅበር ለአባሎቹ ይሰጥ የነበረው አርማ ቁጥር ነበረው፤ ንብረትነቱም የማኅበሩ ስለ ነበረ ከአባልነት የወጣ ሰው እንዲመልሰው ይጠየቅ ነበር። ያ አርማ የሚለጠፈው ከፊት ነው፤ ከማርሚታ ጋርም ግንኙነት የለውም፤ ቢሆንም አርማ ባለቤት ያለው ነገር መሆኑን እነዚያ ሰዎች ተረድተውታል።

ስለ አገጣጠሙም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ በዚህ ረገድ የሚታየው ግድ የለሽነት ከማታለል ባልተናነሰ ደንበኛን ያስመርራልና። አብዛኛው በሱቅ የሚሸጥ የኢፖክሲ ኮላ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ መለስለስ ይጀምራል፤ ሞተር አጠገብ ያለ ማርሚታ ደግሞ ከዚህ እጅግ አልፎ ይግላል። ስለዚህ በኮላ የተለጠፈ አርማ አቀበት ላይ ወድቆ ይቀራል። አርማው በቀለም ሙጫ የተሞላ ከሆነ ሳይወድቅም ይጠቁራል፤ እንደ ኢናሜል ሳህን በ800 ዲግሪ አካባቢ በእሳት የተጋገረ ከሆነ ግን ሙቀቱን ይችላል። አስመጭው ሲያዝ ይህን ለይቶ መጠየቅ አለበት። በሪቬት ወይም በብሎን መግጠም ይሻላል፤ ነገር ግን መሰርሰር የሚገባው ጫፉ ላይ የሚሰካውን ቱቦ እንጂ የማርሚታውን ሆድ አይደለም። ሆዱ ከተበሳ ጭሱ ያለ ቦታው ይወጣል፤ ጭስ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ከገባም መርዝ ነው። ክሮም የተለበጠ ብረት ሲሰረሰር የቀዳዳው ጠርዝ ልባጡን ስለሚያጣ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ከሁሉ የሚሻለው አርማው በማይዝግ ብረት ቀለበት ላይ ተበይዶ፣ ቀለበቱ ቱቦውን እንዲያቅፍ ማድረግ ነው፤ ሲፈለግ ይፈታል፤ ማርሚታውም አይጎዳም።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነን በአገራችን ሠሪ ላይ የሚደርሰው ነው። ላሜራ ጠቅልሎ፣ በይዶ፣ ለአሮጌ አቶሞቢል ልክ የሚሆን ማርሚታ የሚያወጣ ባለሙያ በአዲስ አበባ አለ። ሥራው ጥሩ ሆኖ ሳለ የባዕድ አርማ ሲለጠፍበት፣ ምስጋናው ወደ ቶሪኖ ይሄዳል፤ ጉድለት ከተገኘበት ግን «የአገር ውስጥ ሥራ ነው» ተብሎ ይነቀፋል። ይህ ሰው የራሱን አርማ ለምን አይመታበትም? በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ተመዝግቦ ለ7 ዓመት ይጠበቃል፤ ሊታደስም ይችላል፤ የሚመዘግበውም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ያው አዋጅ የሌላውን የተመዘገበ ምልክት ያለ ፈቃድ መጠቀምን ይከለክላል፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ስለ ዕቃ አሳሳች መግለጫ መስጠትን ይከለክላል። ፈቃድ የሌለው አርማ ከማርሚታው ተለይቶ ለብቻው ቢሸጥም ነጋዴው ከተጠያቂነት አያመልጥም።

እንግዲህ አስመጭው ባንክ ሄዶ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት፣ ላኪው አርማውን ለመሥራት ከባለ ምልክቱ የተሰጠውን ፈቃድ እንዲያሳይ ይጠይቅ፤ በፋክቱሩና በዴክላራሲዮኑም ላይ አርማው ከቱቦው ተለይቶ ይጻፍ። ባለሱቁም በደረሰኙ ላይ በአንድ መስመር «ማርሚታ፣ አዲስ አበባ የተሠራ»፣ በሌላው መስመር «አርማ፣ ለጌጥ» ብሎ ለየብቻ ዋጋቸውን ያስፍር። ገዢው ሁለቱን ቢፈልግ ሁለቱን ይገዛል፤ አንዱን ቢፈልግ አንዱን።