ሐሳብ ከሺፍት አይወጣም
ከአዳማ እስከ ባቱ የምንሠራ ሰዎች ማኒፌስቶ

እኛ በአዳማ ዱቄት ፋብሪካዎች፣ በወንጂና በመተሐራ ስኳር፣ በሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች፣ በባቱ የአበባ እርሻዎች የምንሠራ ነን። በያጅ አለን፣ ኤሌክትሪሺያን አለን፣ ኦፕሬተር አለን፣ አበባ የሚያሽጉ እናቶች አሉን። ሁላችንም አንድ ቀን “ይኼ ነገር እንዲህ ቢሆን ይሻላል” ብለን አሠሪያችንን ጠቅመናል። ጥቅሙ ሲሰላ ግን ስማችን የለበትም።

ነገሩን ሁሉም ያውቀዋል። ማሽኑ በሳምንት ሁለቴ ይቆማል። መለዋወጫው ከውጭ ነው፤ ዶላር ደግሞ የለም። አንዱ በያጅ ከወዳደቀ ብረት ቆርጦ፣ አስተካክሎ ይገጥምለታል፤ ማሽኑም መቆሙን ይተዋል። ፎርማኑ “ጎበዝ!” ይላል። በሪፖርቱ ላይ “በማኔጅመንቱ ጥረት” ተብሎ ይጻፋል። ለበያጁ ቲሸርትና ሰርተፊኬት ይደርሰዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ይህን ቁጭት አገራችን በራሷ ላይ አይታዋለች። በ1997 ዓ.ም. በጤፍ ላይ ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈራረመች። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት አወጣ፤ ለኢትዮጵያ የደረሳት ገንዘብ 4,000 ዩሮ ገደማ ብቻ ነበር። የኔዘርላንዱን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2011 ዓ.ም. ነው። “የገበሬዎቻችንን እውቀት ሌላ ሰው በስሙ አስመዘገበው” ብለን ጮኸን፤ ልክም ነበርን። በራሳችን ፋብሪካ አጥር ውስጥ ያው ሲሆን ግን ዝም አልን።

በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ካይዘን በሚባለው የጃፓን አሠራር በቡድን ተቀምጠን ብክነት መልቀም ተማርን፤ ደግ ትምህርት ነው። ከጃፓን የወሰድነው ግን ግማሹን ነው። እዚያው ጃፓን ሹጂ ናካሙራ የተባለ መሐንዲስ ኒቺያ በተባለ ኩባንያ ተቀጥሮ ሳለ ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ሠራ። ጉርሻው 20,000 የን ነበር። ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 የቶኪዮ ፍርድ ቤት 20 ቢሊዮን የን ፈረደለት፤ በዓመቱ በ840 ሚሊዮን የን ገደማ ታረቁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። ካይዘኑ ሲመጣ ይህ ታሪክ አብሮት አልመጣም።

የእኛም ሕግ ባዶ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 123/1987 በሥራ ውል ግዴታ የተሠራን ፈጠራ ለአሠሪው ይሰጣል፤ ከሥራው ጋር ያልተያያዘውን፣ የአሠሪው ዕቃ ያልተነካበትን ለሠራተኛው ይተዋል፤ የሠራተኛው ጭንቅላትና የአሠሪው ዕቃ የተገናኙበትን ደግሞ የጋራ ያደርገዋል። ክርክራችን የሚነሣው እዚህ መሀል ላይ ነው። በያጅ የተቀጠረው ለመበየድ ነው ወይስ ማሽን ለማሻሻል? ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ከሌለ መልሱን የሚሰጠው አሠሪው ብቻ ነው።

አሠሪዎች “ደመወዝ እንከፍላለን፣ ማሽኑም የእኛ ነው” ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ሁሉንም የማንጠይቀውም ለዚህ ነው። ደመወዝ ግን የሠራንበትን ሰዓት ይከፍላል። በያጁ ቤቱ ገብቶ ሲተኛ፣ የገጠመው ብረት የሌሊቱንም ሺፍት ይሠራል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦

1. በየፋብሪካው የሐሳብ መዝገብ ይከፈት። ሐሳቡ፣ ያመነጨው ሰው ስምና ቀኑ ይጻፍ፤ ቅጂው በሠራተኛው እጅ ይቅር።

2. ሐሳቡ ያዳነው ገንዘብ ይሰላ፤ አንድ አሥረኛው ለ5 ዓመት ለሐሳቡ ባለቤት ይከፈል። ሕጉ ለአነስተኛ ፈጠራ በመጀመሪያ የሚሰጠው ጥበቃ 5 ዓመት ነውና። ፋብሪካው በዓመት 1 ሚሊዮን ብር ካዳነ 900,000 ለእሱ፣ 100,000 ለሠራተኛው።

3. የቡድን ሐሳብ ድርሻው ለቡድኑ ይሁን። የቀን ሠራተኛም “ቋሚ አይደለህም” ተብሎ አይቅር።

4. ይህ በኅብረት ስምምነት ውስጥ ይግባ። “ሠራተኛው የሚያስበው ሁሉ የድርጅቱ ነው” የሚል የቅጥር ውል ይቅር።

5. ክርክር ሲነሣ አሠሪው፣ የሠራተኛ ማኅበሩና ሁለቱ የተስማሙበት ባለሙያ ይዩት። አዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ ባለሙያ አይጠፋም።

እኛም ቃል እንገባለን፤ የፋብሪካችንን ምስጢር ለተፎካካሪ አንሸጥም፣ ያየነውን ጉድለት ደብቀን አንይዝም።

“ይህ የማይሆን ነው” የሚለን ወደ ወንጂ ይመልከት። ስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር ሠራተኛ ተደራጅቶ ከኩባንያ ጋር ይደራደራል ማለት ድፍረት ነበር። በ1955 ዓ.ም. የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ግን የወንጂ ሠራተኞች ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ዛሬ በማኅበር የሚገረም የለም። በባቱ ማሸጊያ ቤት የምትሠራ እናትም የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ “ከሐሳብ ድርሻዬ ነው” ብላ ስትከፍል የማይገረሙበት ቀን ይመጣል።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። በእኛ ቤት ግን ሳይጽፉ በመናገር የቀረው ይበልጣል። ስለዚህ መዝገቡ እስኪከፈት አንጠብቅ። ዛሬ ማታ ሐሳባችሁን በደብተር ጻፉ፤ ቀኑን አስፍሩ፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ይፈርሙበት። ነገ ጠዋት ለፎርማኑ ንገሩት።